የምንጣፉ ሁለት ጠርዝ

አጭር ምንጣፍ ማንም ይጠቀልላል። የአቶ እንደሻው የሠርግ አዳራሽ ቀይ ምንጣፍ ግን አጭር አልነበረም። ከአዳራሹ በር እስከ ሙሽሮቹ ወንበር የሚዘረጋ፣ ወፍራም፣ ሲጠቀለልም እንደ ግንድ የሚከብድ ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጠርዙን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እኩል እየተራመደ ካልገፋው ጥቅሉ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ጫፉ እንደ ቀንድ ይሾላል። ቀንድ ያወጣ ጥቅል ደግሞ ትከሻ ላይ አይረጋም፤ ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው።

ትዕግሥትና ኒቆዲሞስ ቀንድ አውጥቶባቸው አያውቅም።

ከገና ማግስት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በኪዳነ ምሕረት ግቢ ሲለማመዱ ያያቸው ሁሉ ይህን ይመሰክራል። እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ። አይነጋገሩም። እሱ የነጠላዋን ጫፍ በዓይኑ ጥግ እያየ ይራመዳል፤ እሷ ቀና ብላ ሳታየው ትንፋሹን እየሰማች ትከተላለች። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ሁለቱም አንድ ላይ ቀና ይላሉ፤ ያን ጊዜ ብቻ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ለዚያች ቅጽበት ስትል ትዕግሥት ምንጣፉን ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ብትጠቀልለው አይታክታትም ነበር።

ሥራው ግን የፍቅር ብቻ አልነበረም። ከሐኪም ጋራ ሥር ያለችው ኪዳነ ምሕረት ትንሽ ደብር ናት። ሕንፃዋ ሳይጠናቀቅ ብዙ ዘመን ስለቆየ ታቦቷ ለጥምቀት ከመንበሩ ወጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ሕንፃው አልቆ፣ ታቦቱ ከሌሎቹ የከተማው ታቦታት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሊወርድ ተወሰነ። ደስታው እንዳለ ሆኖ የሁሉም ሥጋት አንድ ነበር። ጥቂት ሰው አስከትሎ፣ በባዶ አቧራ ላይ፣ ዘመድ እንደሌላት ሙሽራ ቢወርድስ?

ሕዝቡን መጥራትና ጉዞውን ማሰናዳት የትዕግሥት ድርሻ ሆነ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የመርሐ ግብር ኃላፊ ናት፤ ቀን የምትሠራውም ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ማስታወቂያውን ራሷ ጽፋ፣ ራሷ አትማ፣ ራሷ ትለጥፋለች።

«ልጄ፣ ታቦቱ ብቻውን እንዳይወርድ» ብለዋት ነበር የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ አባይነህ።

«አባ፣ ብቻውን አይወርድም» አለች እሷ፤ አንዴ ከአፏ ወጣ።

ጥምቀት ሲቃረብ የሰበካ ጉባኤው በቆርቆሮው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ እንደሻው ናቸው። አያታቸው ሐረር ከገቡ አንስቶ ቤተሰባቸው በከተማው የተከበረ ነው፤ የኒቆዲሞስ አባትም እሳቸው ናቸው። ትዕግሥት ቆማ የጉዞውን ዕቅድ አነበበች።

«አስፋልቱን ከምእመናን የተሰጡን አጫጭር ምንጣፎች ይይዙታል። አስፋልቱ ካለቀበት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለውን ዳገት ደግሞ የጋሼ እንደሻው ቀይ ምንጣፍ። ቀዩን የሚይዙት ኒቆዲሞስ እና…»

«እና ብሩክ» አሉ አቶ እንደሻው።

ትዕግሥት ከወረቀቱ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ብሩክ አልተለማመደም።»

«የወንድሜ ልጅ ነው፤ ጉልበት አለው።»

«ጉልበት ሳይሆን እርምጃ ነው የሚፈልገው።»

አቶ እንደሻው መነጽራቸውን አወለቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልጨከነም፤ ይህ ነበር ከሁሉ የሚብሰው። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ያንን ምንጣፍ እናትሽ በለጡ ግቢዬ ውስጥ እያጠበች ነው ያሳደገችሽ። ይህን የማያውቅ የለም። አንቺና ልጄ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ከተማው ፊት ብትታዩ ሰው የሚያየው ምንጣፉን አይደለም፤ በማግስቱ የሚወራው ሌላ ነው። ምንጣፉ የእኔ ነው፤ ማን እንደሚይዘው እኔ ልምረጥ። አይሆንም ካላችሁ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ።»

ትዕግሥት ከአባቱ ኋላ የተቀመጠውን ኒቆዲሞስን አየችው። ብዙ አልፈለገችም፤ «አባዬ» ብሎ ቢጀምርና ባይጨርሰው እንኳ ይበቃት ነበር። እሱ ግን የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። ጆሮው ቀልቷል፣ ከንፈሩ አልተላወሰም።

«እና ብሩክ» ብላ አነበበች ትዕግሥት፣ የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው እስኪመስላት። ስትቀመጥ የቆመችበት ምንጣፍ ከእግሯ ሥር የተጎተተ መሰላት።

የድሮውን ከተማ ከከበበው ግንብ፣ ከኤረር በር ወደ ውስጥ ባጃጅ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ብዙ ነው። ድምፅ ማጉያ የጫነው ባጃጅ በሰፊው መንገድ ይዞራል፤ ነጂው ሙስሊም ነው፣ አዛን ሲጀምር ይዘጋዋል፣ አዛኑ ሲያበቃ ካቆመበት ይቀጥላል። የግንቡን ውስጥ ግን ትዕግሥት ሜጋፎን ይዛ በእግሯ ታዳርሳለች። በማግስቱም ወጣች። እየጠራች ጊደር መጋላ ገበያ ስትደርስ፣ ከእናቷ ከበለጡ ጎን ዝንጅብልና ኮረሪማ የሚሸጡት ዘቢባ ገና ከሩቅ ያዟት።

«ቲጂ! ይኼ የጥምቀት ጥሪ ነው የለቅሶ? ድምፅሽን ሰምቼ ማን ሞተ ብዬ ልነሣ ነበር፣ ወላሂ!»

«ተዪኝ እስቲ አዴ ዘቢባ።»

በለጡ የበርበሬውን ማዳበሪያ ጠርዝ እያጠፈች ልጇን አየቻት። እናት ናትና አልጠየቀችም፤ ቦታ ለቀቀችላት። ትዕግሥት ተቀመጠችና በስብሰባው የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ የአቶ እንደሻውን ቃልም አላስቀረችም።

በለጡ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እውነታቸውን ነው፤ አጥቤዋለሁ። ግቢው ድንጋይ ላይ ዘርግቼ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ። አንቺ አረፋው ውስጥ ትንከባለይ ነበር። ታዲያ ያጠብኩት ምንጣፍ ነው እንጂ የሰረቅኩት ነው? ምን ያሳፍረኛል!»

«እማዬ፣ እኔን ያመመኝ እሳቸው አይደሉም።»

«ልጁ ነዋ» አሉ ዘቢባ ከጎን። «ዝም አለ? አቦ፣ ዝም ያለ ወንድ እንዳልተፈጨ በርበሬ ነው፤ ያምራል፣ ወጥ ውስጥ ግን አይገባም።»

ትዕግሥት ሳትወድ ሣቀች፤ ሣቋ ዕንባዋን አመጣው።

«ሥራሽን ግን አትተዪ» አለች በለጡ ሜጋፎኑን አንሥታ ጭኗ ላይ እያኖረችላት። «ሰዉን የጠራሽው ለእንደሻው ልጅ ብለሽ አይደለም።»

ትዕግሥት ተነሣች። አፏን ወደ ሜጋፎኑ አስጠግታ ጮኸች። «የሐረርና የአካባቢዋ ምእመናን! የሐኪም ጋራ ኪዳነ ምሕረት ታቦት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል! ነጭ ለብሳችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ኑና አጅቡት!»

ድምፅዋ ከእህል ተራው ወደ ዕቃ ተራው ተሻገረ። ዘቢባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አሁን ሰርግ ሆነ፤ አላህ ያሳካልሽ» አሉ። ትዕግሥት እየጠራች ወደ ጠባቡ መንገድ ገባች። ልቧ እንደተሰበረ ነው፤ ግን የተሰበረ ልብም እንዲህ ይጮኻል ብላ አታውቅም ነበር።

የከተራ ዕለት ሕዝቡ መጣ።

መጀመሪያ ጥቂት ነጠላ በግቢው በር ታየ፤ ከዚያ ከታች ከከተማው የሚወጣው ዳገት ነጭ ሆነ። ከግንቡ ውስጥ የመጡ አረጋውያን፣ ከጋራው ማዶ የመጡ ገበሬዎች፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ማስታወቂያውን ወስደው የነበሩ ተማሪዎች። ቄስ አባይነህ ከደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው አዩ። «ብቻውን አይወርድም» አሏት በአጠገቧ ሲያልፉ። ትዕግሥት ሜጋፎኗን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

ታቦቱ ጥምቀተ ባሕሩ ደርሶ ድንኳኑ ከገባ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ኒቆዲሞስ አገኛት። እሷ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ትሰበስብ ነበር።

«ትዕግሥት፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ።»

«ብሩክ እየጠበቀህ ነው። ተለማመዱ፤ ነገ ዳገት ነው።»

«ያን ቀን ዝም ያልኩት አፍሬብሽ አይደለም። አባዬን ታውቂያቸዋለሽ፤ ብናገር ምንጣፉን ይከለክላሉ። ታቦቱ በአቧራ ሊወጣ ነው። ልፋትሽ ሁሉ…»

ትዕግሥት ገመዱን ለቀቀችው። «ለልፋቴ ብለህ?»

«አዎ፣ ለአንቺ ብዬ።»

«ኒቆ፣ ስለኔ ብለህ ዝም ማለት ከቻልክ፣ ስለኔ ብለህ መናገር ማን ከለከለህ?» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ምንጣፍ ቢታጣ ነጠላዬን አነጥፍ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ የጠራሁት በባዶ እጄ ነው። ካንተ የፈለግሁት አንድ ቃል ነበር።»

ኒቆዲሞስ አፉን ከፈተ፤ እንደዚያ ቀን ሁሉ ቃሉ አልመጣለትም። ትዕግሥት ገመዱን አንሥታ ሄደች። ከኋላዋ መዝሙሩ ደምቋል፤ እሷ የምትሰማው ግን ያልመጣውን ቃል ብቻ ነበር።

በጥምቀት ዕለት ጠዋት ጠበሉ ሲረጭ አጫጭሮቹ ምንጣፎች ተነከሩ። በአስፋልቱ ላይ እንደምንም አገለገሉ፤ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ግን ውሃና ጭቃ ተሸክመው ማንሣት አቃተ፤ ባጃጁ ላይ ተጫኑ። ከዚያ በላይ የቀረው ቀዩ ምንጣፍ ብቻ ነው። ቄስ አባይነህም ቀድመው ተናግረዋል፤ በዚህ በመጀመሪያ ጉዞ ታቦቱን የተሸከሙት ካህን ባዶ አቧራ አይረግጡም።

ምንጣፉ ይዘረጋል፤ ታቦቱ ያልፍበታል፤ ኋላ ያሉት ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ በሕዝቡ ጎን ሮጠው ከፊት እንደገና ይዘረጉታል። ብሩክ ጉልበት አላነሰውም። ቸኩሎ ይገፋል፤ ኒቆዲሞስ ሊደርስበት ሲሮጥ እሱ ደግሞ ይቆማል። አንዴ አዘገዩ፤ ካህናቱ ታገሡ። ሁለተኛ አዘገዩ፤ መዝሙሩ ላላ። በመጨረሻው ዳገት ላይ ጥቅሉ ቀንድ አወጣና ከብሩክ ትከሻ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ።

ከፊት ታቦቱ ቆመ።

ከበሮው ቆመ። ጥቂት ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ የኋላውን ነገር ያላዩ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ጮኹ።

«አልሄድ አለ! ታቦቱ አልሄድ አለ!»

ቃሉ በዳገቱ ቁልቁል እንደ እሳት ወረደ። ነጩ ሕዝብ ተራ በተራ ተንበረከከ። «እግዚኦ! ምን በደልን?» አለ። ቄስ አባይነህ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«የተቀያየመ አለ? የተጣላ አለ? ይታረቅ!»

በፍሳሽ መውረጃ ምክንያት ከዓመት በላይ ሰላም ያልተባባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ተቃቅፈው አለቀሱ። ሁለት ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ታቦቱ ግን እንደቆመ ነው።

ትዕግሥት በሕዝቡ ጎን ወደ ኋላ ሮጠች። ኒቆዲሞስ አቧራው ላይ ተንበርክኮ ጥቅሉን ይፈታ ነበር፤ ላቡ ፊቱን አጥቦታል። ብሩክ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ኒቆዲሞስ ቀና ሲል አያት፤ ቆመ። ዙሪያው የተንበረከከ ሰው እንጂ ባዶ ቦታ አልነበረም። ሁሉም እየሰማ ተናገረ።

«ትዕግሥት! ያላንቺ አልችልም!» ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ግን አላቆመም። «ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ አሁን ልናገር። ምንጣፉ የአባቴ ነው። ጎኔ ማን እንደሚቆም ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። ዛሬም፣ ነገም፣ ዕድሜ ልኬን። አንቺን ነው የመረጥኩት!»

ትዕግሥት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደችና ቆመች። ከበስተኋላዋ አቶ እንደሻው እየወረዱ ነበር። በታቦቱ ጎን የዘረጉትን የወርቅ ዘርፍ ያለውን ጥላ እንደያዙ ነው፤ ጥላው ግን ማንንም አላጠለለም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ» አሉ ለትዕግሥት፣ ልጃቸውን ሳያዩ። «ታቦቱ የቆመው በእኔ ነው። አውቄዋለሁ።»

ዝም ብትል ይበቃት ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ምስክር ነው፤ እኚህ ኩሩ ሰው ፊቷ ተሰብረው ቆመዋል። ግን ትዕግሥት ሕዝቡን የጠራችው በእውነት ነበር፤ በሐሰት ልታሸንፍ አልወደደችም።

«ጋሼ፣ አይደለም» አለች። «ምንጣፉ ስለዘገየ ነው። ጥቅሉ ቀንድ አውጥቶ ነው። ሌላ ነገር የለም።»

አቶ እንደሻው ጥቅሉን አዩት። ብሩክን አዩት። ልጃቸውን አዩት።

«ምንጣፉስ በማን ዘገየ?» አሉ።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«በለጡ የት ናት?»

በለጡ ነጠላዋን እያጣፋች ከሕዝቡ መካከል ወጣች። አቶ እንደሻው ባርኔጣቸውን አነሡ። «በለጡ፣ ልጅሽን በሰው ፊት አሳፍሬያታለሁ። አንቺንም አዋርጄሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

«እኔስ አላፈርኩም ጋሽ እንደሻው» አለች በለጡ። «ያጠብኩት ምንጣፍ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር። ይልቅ ታቦት አቁመን ወግ አንያዝ።»

ተንበርክኮ የነበረ ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ሣቁ እንደ ነፋስ አለፈ። አቶ እንደሻው ጥላውን ወደ ብሩክ ዘረጉ።

«አንተ ይህን ያዝ።»

«ተመስገን!» አለ ብሩክ ከልቡ።

«ትዕግሥት፣ ልጄ፣ ጠርዙን ያዢ።»

ትዕግሥት ሜጋፎኗን ለእናቷ ሰጠች። ጫማዋን አወለቀች። በግራ በኩል ጎንበስ ስትል በቀኝ ትንፋሹን ሰማችው። አልተያዩም። ምንጣፉን ዘረጉት፣ አቀኑት፣ መግፋት ጀመሩ። ቀዩ ጨርቅ ከእጃቸው ሥር እኩል እየተንከባለለ፣ እኩል እየወፈረ መጣ። ጥቅሉ አልተጣመመም። መጨረሻው ላይ አንድ ላይ ቀና አሉ፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የኒቆዲሞስ ዓይን ውስጥ ዕንባ ነበር፤ የእሷም እንዳለ ያወቀችው የእሱ ፊት ሲደበዝዝባት ነው።

አንሥተው ግራና ቀኝ ትከሻቸው ላይ አደረጉት። መሐሉ ረገበ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ሸክሙ ቀለላቸው። ትዕግሥት ዞር ስትል አቶ እንደሻው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ከመሐል ገብተው ትከሻቸውን ከጥቅሉ ሥር አኑረዋል።

«ምን ታያላችሁ? ሩጡ!» አሉ።

ሮጡ። ሦስቱም በተንበረከከው ሕዝብ ጎን፣ በአቧራው ላይ፣ ወደ ላይ። አንዲት ሴት «ኧረ ሽማግሌ ይላካል ሲባል ነበር፤ ይኸው ምንጣፍ ተሸክሞ መጣ!» ብላ ጮኸች፤ ዳገቱ በሣቅና በእልልታ ተናወጠ።

ከፊት ጥቅሉን አወረዱ፣ ዘረጉት። ታቦቱ ተንቀሳቀሰ።

ከበሮው ተመታ። የመጀመሪያውን እልልታ ያሰማችው በለጡ ናት፤ ሜጋፎኑ በእጇ ክፍት መሆኑን አላወቀችም። እልልታዋ ከዳገቱ ወርዶ፣ የከተማውን ጣሪያ ተሻግሮ፣ ከግንቡ ገብቶ ጊደር መጋላ ደረሰ። ዘቢባ ኋላ እንዳወሩት፣ ኮረሪማ እየሰፈሩ ቀና ብለው «ይኼ የበለጡ ድምፅ ነው፤ ልጁ ተናገረ ማለት ነው» አሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ በር እስኪታይ ድረስ ሁለቱ ጠቀለሉ፣ ተሸከሙ፣ ዘረጉ። አንዴም ቀንድ አላወጣባቸውም። ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ ሲሉ ኒቆዲሞስ አንገቱን ሳያቀና በሹክሹክታ ጠየቃት።

«ደከመሽ?»

«ድሬዳዋ እስክንደርስ አይደክመኝም» አለች ትዕግሥት።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ግን ሣቀ፤ እርምጃውንም ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ።